ሞንስቴራ በአዲስ አበባ፦ ከአያያዙ እስከ ማባዛቱ

ሞንስቴራ፣ ያ ሰፊና የተሰነጠቀ ቅጠል ያለው የቤት ውስጥ ተክል፣ አዲስ አበባ ላይ ቆንጆ ሆኖ ያድጋል። ይህን የምለው ለዓመታት ኮንዶሚኒየም ቤቴ ውስጥ ስላሳደግኩት ነው። ከሱ እየቆረጥኩም ለጎረቤት፣ ለዘመድና ለሥራ ባልደረባ ሰጥቻለሁ። ብዙ ሰው የሚቸገረው ተክሉ አስቸጋሪ ሆኖ አይደለም። ኢንተርኔት ላይ የሚያገኘው ምክር ለሌላ አገር የተጻፈ ስለሆነ ነው። «ሰኔና ሐምሌ ላይ ውሃ ጨምሩ፣ ማዳበሪያ ስጡ፤ ታኅሣሥ ላይ ቀንሱ» ይላል። ለአውሮፓና ለአሜሪካ ልክ ነው። የኛ ሰኔና ሐምሌ ግን ሰማዩ የሚጠቁርበት፣ ቤቱ የሚቀዘቅዝበት፣ አንዴ የረጠበ አፈር ሳምንት አልፎት እንኳ አልደርቅ የሚልበት ጊዜ ነው። ያን ምክር እንዳለ የተከተለ ሰው መስከረም ሳይጠባ የተክሉ ሥር ይበሰብስበታል።

ስለዚህ የማካፍላችሁ በራሳችን ወቅት፣ በራሳችን ቤት የሠራልኝን ነው።

መጀመሪያ ከየት እንደመጣ ማወቅ ይጠቅማል። ሞንስቴራ ከደቡብ ሜክሲኮ እስከ ፓናማ ባለው ደን ውስጥ የሚገኝ ተክል ነው። እዚያ ትልልቅ ዛፍ ሥር ይበቅልና ግንዱን ይዞ ወደ ላይ ይወጣል። ከግንዱ የሚወጡት ረጃጅም ቡናማ ሥሮች ዛፉን መያዣው ናቸው፤ እርጥበትም ይስብባቸዋል። ከላይ ያለው የዛፍ ቅጠል ፀሐዩን ስለሚያጣራለት ብርሃን ያገኛል እንጂ አይቃጠልም። የሚቆምበትም መሬት የረገፈ ቅጠልና ቅርፊት የተከማቸበት፣ ውሃ የማያቁር ልል አፈር ነው። ከዚህ በታች የምለው ሁሉ ከዚሁ የሚነሳ ነው።

ከኛው ጎደሬ ጋርም አንድ ቤተሰብ ናቸው። ጎደሬ በደንብ ሳይበስል ቢበላ አፍና ጉሮሮ እንደሚያሳክክ የሚበላ ሰው ሁሉ ያውቃል። ሞንስቴራም ቅጠሉና ግንዱ ውስጥ ያው ማሳከኪያ፣ ካልሲየም ኦክሳሌት የሚባለው ጥቃቅን ስል ነገር አለበት። የሚድህ ሕፃን፣ ድመት ወይም ውሻ ያለበት ቤት ከሆነ የማይደርሱበት ቦታ አስቀምጡት። ስትቆርጡም ጓንት አድርጉ።

ብርሃን ላይ ትንሽ ልቆይ። የትኛው መስኮት ይሻላል የሚለው ጥያቄ በጣም ይደጋገማል። ውጭ የተጻፉት ጽሑፎች «የደቡብ መስኮት ፀሐይ ይበዛዋል፣ የሰሜኑ ይጨልማል» ይላሉ። ያ ከምድር ወገብ ርቆ ለሚኖር ሰው ነው። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ናት። ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ ማብቂያ አካባቢ ድረስ ፀሐይ እኩለ ቀን ላይ ከአናታችን ወደ ሰሜን ዘንበል ትላለች። በቀረው ጊዜ በደቡብ በኩል ናት። ስለዚህ መስኮቱ ያው ሆኖ ብርሃኑ በዓመት ሁለት ጊዜ ይለዋወጣል። የኔ ሞንስቴራ ደቡብ መስኮት አጠገብ ነው ያለው። ግንቦት ላይ ቀጥተኛ ፀሐይ አይነካውም። ህዳር ሲገባ ግን ከረፋዱ ጀምሮ ሲመታው ይውላል። በዚያ ሰሞን አንድ እርምጃ ያህል ወደ ውስጥ እስበዋለሁ፤ ካልሆነም ስስ መጋረጃ እጋርድለታለሁ።

የጠዋት ፀሐይ የሚገባበት የምሥራቅ መስኮት ካላችሁ ታድላችኋል። የጠዋቷ ፀሐይ ለስላሳ ናት፤ ትንሽ ብትነካው ይወደዋል። የሚያስፈራው የምዕራቡ ነው። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስላለች የከሰዓት ፀሐይዋ ትፋጃለች። የተቃጠለ ቅጠል ላይ ነጣ ብሎ ቡናማ የሚሆን፣ እንደ ወረቀት የሚደርቅ ቦታ ይወጣል። ያ ቦታ ተመልሶ አረንጓዴ አይሆንም። ብርሃን ያነሰው ደግሞ በሌላ ምልክት ይታወቃል። ከቅጠል እስከ ቅጠል ያለው ግንድ ይረዝማል፣ አዲሱ ቅጠል ከበፊቱ ያንሳል፣ ተክሉ በሙሉ ወደ መስኮቱ ያጋድላል። ቀላል መለኪያ ልንገራችሁ። ቀን ላይ ተክሉ ካለበት ቦታ እጃችሁን ዘርጉ። ጥላው ጠርዙ ብዥ ብሎ ከታየ ብርሃኑ ልክ ነው። ጠርዙ ጥርት ካለ ፀሐዩ ቀጥታ ነው። ጥላ ጭራሽ ከሌለ ቦታው ጨለማ ነው።

ወደ ውሃ ልምጣ። «በሳምንት ስንቴ ላጠጣ?» ለሚል ሰው የምመልሰው አንድ ነው፤ በቀን አትቁጠሩ፣ አፈሩን ንኩ። ጣታችሁን እስከ ሁለተኛው መገጣጠሚያ አስገቡ። እርጥበት ካለ ተዉት። ደረቅ ከሆነ ከሥር ባለው ቀዳዳ እስኪወጣ ድረስ ጥግብ አድርጋችሁ አጠጡትና ሳህኑ ላይ የተጠራቀመውን ድፉ። በየቀኑ በሲኒ ጠብ ጠብ ማድረግ ከላይ ያረጥበዋል እንጂ ታች ያለው ሥር ጋ አይደርስም። ከጥር እስከ ሚያዝያ ቤቱ ብሩህና ደረቅ ስለሚሆን አፈሩ ቶሎ ይደርቃል። ክረምት ላይ ግን ሁለት ሳምንትና ከዚያም በላይ ሳይጠጣ ሊቆይ ይችላል፤ ምንም አይሆንም።

ቅዝቃዜና ውሃ አንድ ላይ ሲሆኑ ነው ሥር የሚበሰብሰው። ሞንስቴራ ከ18 እስከ 27 ዲግሪ ባለው ሙቀት ውስጥ ደስ ብሎት ያድጋል። ወደ 10 ዲግሪ ሲጠጋ ማደጉን ያቆማል፤ ማደጉን ያቆመ ተክል ደግሞ ውሃ ብዙም አይጠጣም። ህዳርና ታኅሣሥ ላይ ሌሊቱ ምን ያህል እንደሚበርድ እናውቃለን። በነዚያ ወራት ጠዋት አጠጡ፤ ማታ አይሁን። ሌሊት ከመስኮቱ መስታወት ጋር አይነካካ። ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ ብዙዎቻችን ባልዲና ጀሪካን ሞልተን እናስቀምጣለን። ለተክሉ የሚሻለውም ያ ያደረ ውሃ ነው። ቅዝቃዜው ይቀንሳል፣ ክሎሪኑም በከፊል ይተናል።

አልፎ አልፎ ጠዋት ስትነሱ የቅጠሉ ጫፍ ላይ ጥርት ያለ ጠብታ ታያላችሁ። በሽታ አይደለም። አፈሩ እርጥብ ሆኖ ባደረ ጊዜ ተክሉ የተረፈውን ውሃ በቅጠሉ ጠርዝ ያወጣዋል። ከታች ያለ አንድ አሮጌ ቅጠል ብቻውን ቢጫ ቢሆንም አያስደነግጥም፤ እድሜው ነው። ሁለት ሦስት ቅጠል ተከታትሎ ቢጫ ከሆነና አፈሩም እርጥብ ከሆነ ግን አታመንቱ። ተክሉን ከነአፈሩ አውጡትና ሥሩን እዩ። ደህና ሥር ጠንካራና ነጣ ያለ ነው። የበሰበሰው ቡናማ ሆኖ በጣት ሲጫኑት ይልማል፣ ይሸታል። የበሰበሰውን በንጹሕ መቀስ ቆርጣችሁ ጣሉና በአዲስ ደረቅ አፈር ትከሉት።

አፈሩ ራሱ ብዙ ይወስናል። የከተማችን ጥቁር ዋልካ አፈር ብቻውን ለዚህ ተክል አይሆንም። ሲረጥብ ይጣበቃል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ በሁለቱም ጊዜ ሥር አየር አያገኝም። እኔ የማዘጋጀው እንዲህ ነው። ግማሹን የበሰለ ኮምፖስት አደርጋለሁ። ከቀረው ውስጥ አብዛኛው ሬድ አሽ ነው፤ ለመንገድና ለግንባታ የሚያመጡት ቀይ፣ ቀላል፣ ቀዳዳ የበዛበት የእሳተ ገሞራ ጠጠር። አቧራውን አጥቤ፣ ሽንብራ የሚያህለውን እመርጣለሁ። በተረፈው የተሰባበረ ከሰልና ከርሞ የጠቆረ የቡና ገለፈት እጨምራለሁ። ድብልቁ ልክ መሆኑን በእጅ ታውቁታላችሁ። አርጥባችሁ አንድ እፍኝ ጨብጡ። እጃችሁን ስትከፍቱ ከተፈረካከሰ ጥሩ ነው። እንደ ጭቃ ኳስ ከቀረ ጠጠር ይጎድለዋል።

መትከያው ውድ መሆን የለበትም። የቀለም ባልዲ ታጥቦ፣ በጋለ ሚስማር ከሥሩ ደህና አድርጎ ከተቀደደ ይበቃል። ቀዳዳ የሌለው ያማረ ሴራሚክ ካላችሁ ፕላስቲኩን ከነተክሉ ውስጡ አስቀምጡት እንጂ ቀጥታ አትትከሉበት። ትንሽ ተክል ትልቅ ዕቃ ውስጥ መትከልም አይመከርም። ሥር ያልደረሰበት አፈር ውሃ ይዞ ይቀመጣል።

ስለ ማዳበሪያ ብዙ አልልም። ከየካቲት እስከ ግንቦትና ከመስከረም እስከ ጥቅምት ላይ ላዩን ኮምፖስት ብጨምርለት ይበቃዋል። ዩሪያ ቆንጥረው የሚጨምሩ ሰዎች አሉ፤ መትከያ ዕቃ ውስጥ መጠኑን ማወቅ ከባድ ስለሆነ ሥሩን ያቃጥላል፣ ተዉት። የቡና አተላ መድፋትም በየቤቱ የተለመደ ነው። እኔ አልወደውም። ላዩ ላይ ይረጋል፣ ይሻግታል፣ ክረምት ላይ ትንንሽ ጥቁር ዝንቦችን ይጠራል። አተላውን ኮምፖስት ውስጥ ጨምሩት፤ እዚያ ብዙ ይሠራል።

ሞንስቴራ የሚደገፍበት ነገር ሲያገኝ ቅጠሉ ይሰፋል። ለዚህ የሚሸጠውን ምሰሶ መፈለግ አያስፈልግም። አጭር አጣና በአሮጌ ጆንያ ጠቅልላችሁ በቃጫ እሰሩት። መትከያው መሃል እስከ ታች ድረስ አቁሙትና ግንዱን ላላ አድርጋችሁ አስጠጉት። ጆንያውን አልፎ አልፎ ውሃ ርጩበት። ከግንዱ የሚወጡት ሥሮች ራሳቸው ፈልገው ይገቡበታል። ስታስሩት ግንዱን እንጂ የቅጠሉን ዘንግ አትሰሩ፤ ቅጠሉ ብርሃን ለመፈለግ መዞር አለበት።

«የኔ ቅጠል መቼ ነው የሚበሳው?» ብለው የሚጠብቁ ሰዎችም አሉ። አንዴ የተከፈተ ቅጠል በኋላ አይበሳም። ቀዳዳውና መሰንጠቁ የሚሠራው ቅጠሉ ገና ተጠቅልሎ እምቡጥ ውስጥ እያለ ነው። አዲሱ ቅጠል ሲወጣ አስተውሉት። በመጀመሪያ ጫፉ ሾጠጥ ያለ፣ ሎሚ ቀለም ያለው ጥቅል ይታያል። ከዚያ ከአንድ ወገን ቀስ እያለ ይተረተራል። ገና ሙሉ ሳይከፈት ጠርዙ ላይ ክፍተቶቹ ይታያሉ። በዚያ ሰሞን በጣም ስስ ስለሆነ በእጅ ለመክፈት አትሞክሩ፣ ይቀደዳል። ሕፃን ተክል ከሆነ የመጀመሪያዎቹ ቅጠሎች ድፍን ናቸው። እያደገ ሲሄድና ብርሃን ሲያገኝ የሚመጡት መሰንጠቅ ይጀምራሉ።

በጋ ላይ አቧራና ተባይ ይመጣሉ። ቅጠሉን ፊትና ጀርባውን በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉ። ዘይት ወይም ወተት ቀብቶ ማብረቅረቅ አቧራውን ይበልጥ ያጣብቃል። ስትጠርጉ ጀርባውን እዩ። ቅጠሉ ላይ ነጣ ነጣ ያሉ ጥቃቅን ነጥቦችና ስስ ድር ካለ በዓይን እምብዛም የማትታየው ቀይ ሸረሪት ናት። ደረቅ አየር ትወዳለች። ቅጠሉ ከዘንጉ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ጥጥ የመሰለ ነገር ካያችሁ እሱም ተባይ ነው። ጥጡን በአልኮል በተነከረ ጨርቅ አንሱት። ለሸረሪቷ ለስለስ ያለ የሳሙና ውሃ ይበቃል፤ በየአምስት ስድስት ቀኑ ደጋግማችሁ እጠቡ፣ ምክንያቱም እንቁላሏ በአንድ ጊዜ አይጠፋም።

አሁን ወደ ማባዛቱ። ከሁሉ በፊት የሚያስፈልገው አንጓውን መለየት ነው። ሸንኮራ አገዳ የላጠ ሰው አንጓ ምን እንደሆነ ያውቃል፤ የሞንስቴራም እንዲሁ ነው። ግንዱ ላይ ቅጠሉ የተያያዘበት ቦታ ዙሪያውን ቀለበት የመሰለ መስመር አለ። ከዚያ መስመር በላይ፣ ከቅጠሉ ዘንግ ብብት ሥር፣ ትንሽ እብጥ ያለች ዓይን ትገኛለች። አዲሱ ግንድ የሚወጣው ከሷ ነው። በአንጓው አካባቢ ደግሞ ጠንከር ያለ ቡናማ ጉጥ ወይም ረዘም ያለ የአየር ሥር አለ። ዓይንና የአየር ሥር ያለበት ቁራጭ ካገኛችሁ ሥራው አብዛኛው አለቀ።

አንድ ጊዜ ጎረቤታችን እትዬ ጠሩኝና ብርጭቆ ውስጥ የቆመ ቅጠል አሳዩኝ። ከሰው ግቢ የተቀነጠሰ ነው። ለብዙ ጊዜ ለምለም ሆኖ ቆይቷል፣ ግን አዲስ ነገር አልወጣውም።

«እትዬ፣ ይሄ ዓይን የለውም። ቅጠሉ ብቻ ነው የመጣው» አልኳቸው።

«ታዲያ ለምለም አይደለም እንዴ፣ ልጄ?»

ለምለም ነበር። ቅጠል ብቻውን ውሃ ውስጥ ለወራት ሊቆይ ይችላል፤ አንዳንዴ ሥር ሊያወጣም ይችላል። አዲስ ግንድ ግን አያወጣም፣ የሚወጣበት ዓይን የለውምና። ከኔው ላይ ከነአንጓው ቆርጬ ወሰድኩላቸው። ዛሬ የሳቸው ሳሎን ውስጥ ያለው ከኔ ይበልጣል።

ጊዜው የሚመረጠው ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ነው። አየሩ ሞቃት ነው፣ ብርሃኑ ብዙ ነው። ደግሞም ቁራጩ ሥር ይዞ፣ አፈር ውስጥ ተደላድሎ ነው ክረምት የሚገባው። ሰኔ ላይ የተቆረጠ ይዘገያል፣ ለመበስበስም ቅርብ ነው። ሐዋሳ፣ ባሕር ዳር ወይም አዳማ ያላችሁ ሌሊታችሁ ስለሚሞቅ ከኛ ይፈጥንላችኋል። ውጭ አገር ያላችሁ ደግሞ ብርዱ ሲወጣ፣ ከሚያዝያ በኋላ ቁረጡ። እህቴ ቨርጂኒያ ናት፤ እዚያ ዋናው ጠላት የክረምቱ ማሞቂያ የሚያደርቀው አየር ነው፤ ከማሞቂያው አፍ አርቃ ታስቀምጠዋለች።

አቆራረጡ እንዲህ ነው። ምላጭ ወይም መቀስ በአልኮል ጥረጉ። ከመረጣችሁት አንጓ በታች ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብላችሁ በአንድ ጊዜ ቁረጡ፤ አትጨፍልቁት። አንድ ጤነኛ ቅጠልና አንድ አንጓ ይበቃል። ሁለት አንጓ ካለው ይበልጥ ያስተማምናል። የተቆረጠው ቦታ ጥላ ላይ ሆኖ እስኪደርቅ ከጠዋት እስከ ማታ ይቆይ። ይህን ብዙ ሰው ይዘለዋል፤ እኔ ግን የተቆረጠ ቦታ ሳይደርቅ ውሃ ሲገባ ቶሎ እንደሚልም ደጋግሜ አይቻለሁ።

ከዚያ ውሃ ውስጥ ይገባል። ሃይላንድ ከአንገቱ ዝቅ ብሎ ቢቆረጥ ይሆናል፤ የማር ጠርሙስ ቢሆን ደግሞ ከባድ ስለሆነ አይወድቅም። አንጓውና የአየር ሥሩ ውሃ ውስጥ ይሁኑ፣ የቅጠሉ ዘንግ ከውሃ በላይ ይሁን። ብሩህ ግን ፀሐይ የማይመታበት ቦታ አስቀምጡት። ውሃውን በሳምንት ሁለት ጊዜ ቀይሩ። ካልተቀየረ አየር ያጣል፣ ትንኝም ይፈለፈልበታል። በመጀመሪያ ምንም የተለወጠ አይመስልም። ከዚያ ከቡናማው ሥር ጎን ነጭ፣ ፋፋ ያለ ጫፍ ብቅ ይላል። ይህ ሁለት ሳምንትም፣ ወርም፣ ከዚያም በላይ ሊወስድ ይችላል፤ አየሩ ይወስነዋል። ግንዱ ጫፉ ከላመና ከሸተተ እስከ ደህናው ድረስ ቁረጡት፣ አድርቁት፣ እንደገና ጀምሩ። አንጓው ደህና እስከሆነ ድረስ ተስፋ አለው።

ነጩ ሥር ጣት ያህል ሲረዝምና ከጎኑ ቅርንጫፍ ሥር ማውጣት ሲጀምር ወደ አፈር ይሄዳል። ከዚያ በላይ ውሃ ውስጥ ማቆየት ጥቅም የለውም፤ ውሃ የለመደ ሥር አፈር ሲገባ ይቸገራል። በትንሽ ዕቃ ትከሉት። ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ሳምንታት አፈሩ ሙሉ በሙሉ እንዳይደርቅ ተከታተሉ፤ ከዚያ ወደ ጣት መለኪያው ተመለሱ። ቅጠሉ በመሃል ትንሽ ሊዝል ይችላል። ዓይኗ ስታብጥና አረንጓዴ ጫፍ ስታወጣ ይዟል ማለት ነው።

መቁረጡ የሚያስፈራው ሰው ሌላ መንገድ አለው። ሳይቆረጥ፣ እናቱ ላይ እንዳለ፣ አንጓውን በእርጥብ ኮምፖስት ከቦ በአሮጌ ፌስታል መጠቅለልና ላይና ታቹን በክር ማሰር ነው። ኮምፖስቱ እንዳይደርቅ በየጊዜው ጠብ ጠብ ይደረግበታል። ሥሩ በፌስታሉ ውስጥ ሲታይ ከበታች ቆርጦ መትከል ነው። ትልቅ ቅጠል ያለውን ቅርንጫፍ ለመለየት ከሁሉም የሚያስተማምነው ይህ ነው፣ ምክንያቱም ሥር እስኪያወጣ ድረስ እናቱ ትመግበዋለች።

የተቆረጠችውን እናት ተክልም አትርሷት። ከተቆረጠበት በታች ካለው አንጓ አዲስ ቡቃያ ታወጣለች። ቅጠሏ ስለቀነሰ ግን የምትጠጣው ውሃም ይቀንሳል። እስክታቆጠቁጥ ድረስ አፈሯን ከወትሮው ይበልጥ አድርቁላት፤ ማዳበሪያውንም አዲሱ ቅጠል እስኪከፈት ድረስ አቆዩት።